በአንድ ጉዳይ ሁለተኛ ጊዜ መታሰር፦ ሕጉ ይከለክላል ወይስ አይከለክልም?

ታናሽ እህት

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ስለ ታላቅ ወንድሜ ነው። በአንድ ድርጅት መጋዘን ውስጥ ዕቃ ተረካቢ ነበር። ቆጠራ ተደርጎ ዕቃ ጎደለ ተባለና ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ተያዘ። ዘጠኝ ቀን ታስሮ በዋስ ተለቀቀ። ክስ አልተመሠረተበትም። ወራት ሲያልፉ ነገሩ ያለቀ መሰለን፤ እሱም ሌላ ሥራ ጀመረ። ይኸው ከአራት ወር በኋላ፣ ትናንት ጎሕ ሳይቀድ፣ ያው መርማሪ መጥቶ ወሰደው። ምክንያቱን ስንጠይቅ «የመጋዘኑ ጉዳይ» ከማለት በቀር የተነገረን የለም።

«በአንድ ጥፋት ሁለት ጊዜ አይታሰርም» ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ይህ ሕግ ነው ወይስ ወሬ? የምንኖርበትን ቦታም ሆነ የድርጅቱን ስም አልጽፍም፤ ወንድሜ ገና በእጃቸው ነው። የትም ላለ ሰው የሚሠራ መልስ ብትሰጡኝ ይበቃኛል።

ነገሩ ግልጽ ነው

ንጹሕ ሰው ሁለት ጊዜ አይታሰርም። የሆነ ነገር ባይኖር ኖሮ መርማሪው ተመልሶ አይመጣም ነበር። እውነቱን እንዲናገር ምከሩት።

የሰነድ ሰው

ከላይ ያለውን አልፌዋለሁ።

እህቴ፣ የሰማሽው አባባል ከእውነተኛ ሕግ ላይ ተቆርጦ የወደቀ ቁራጭ ነው። ሕጉ የሚለው «ሁለት ጊዜ አይታሰርም» ሳይሆን «ሁለት ጊዜ አይከሰስም፣ ሁለት ጊዜ አይቀጣም» ነው። የሕግ ሰዎች በላቲኑ «ኔ ቢስ ኢን ኢዴም» ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1966 የጸደቀው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን በአንቀጽ 14 ንዑስ አንቀጽ 7 አስቀምጦታል፤ በመጨረሻ ፍርድ ጥፋተኛ የተባለ ወይም በነፃ የተለቀቀ ሰው በዚያው ወንጀል እንደገና ለፍርድ አይቀርብም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 23 ሐሳቡ ይኸው ነው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አምስተኛ ማሻሻያም ከ1791 ጀምሮ ተመሳሳይ ክልከላ አለው። ቃላቸው ይለያያል፤ አንዳቸውም ግን ሰው ስንት ጊዜ እንደተያዘ አይቆጥሩም።

ወንድምሽ አልተከሰሰም፣ አልተፈረደለትም፣ አልተፈረደበትም። ስለዚህ ይህን አንቀጽ ይዛችሁ ችሎት ብትቆሙ ዳኛው አይቀበላችሁም። ይህን የምለው ተስፋ ላስቆርጥሽ አይደለም፤ የማይከፈት በር እያንኳኳችሁ ቀኑ እንዳይመሽባችሁ ነው።

የእናንተ በር የዚያው ቃል ኪዳን አንቀጽ 9 ነው። ማንም ሰው በዘፈቀደ አይያዝም፤ ሲያዝ ምክንያቱ ይነገረዋል፤ በወንጀል ከተጠረጠረ ሳይዘገይ ዳኛ ፊት ይቀርባል፤ የእስሩንም ሕጋዊነት ፍርድ ቤት እንዲመረምርለት መጠየቅ ይችላል። ይህ ጥበቃ በመጀመሪያውም በአምስተኛውም እስር እኩል ይሠራል። ሁለተኛው እስር የመጀመሪያውን ምክንያት ተውሶ መቆም የለበትም፤ የራሱ ምክንያት ያስፈልገዋል። ስለዚህ «ለምን ሁለተኛ ጊዜ?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ከተለቀቀ ወዲህ ምን አዲስ ነገር ተገኘ?» ብላችሁ ጠይቁ።

እስቲ ንገሪኝ፤ በዋስ የለቀቀው ፍርድ ቤት ነው ወይስ ፖሊስ? የዋስትና ግዴታውን አጓድሏል? አሁንስ ዳኛ ፊት ቀርቧል?

ታናሽ እህት

እግዜር ይስጥልኝ። የለቀቀው ፍርድ ቤት ነው፤ የትዕዛዙ ቅጂ በእጃችን ነው። በተጠራበት ቀን ሁሉ ቀርቧል፣ አንድም አላጓደለም። ዳኛ ፊት ግን ገና ነው፤ ነገ ጠዋት ይቀርባል ብለውናል።

የሰነድ ሰው

ያችን ቅጂ እንዳትጥሏት። ዳኛ በዋስ የለቀቀውን ሰው ፖሊስ በዚያው ጥርጣሬ፣ በራሱ ሥልጣን መልሶ ከያዘው የፍርድ ቤት ትዕዛዝ እየሻረ ነው። ለምሳሌ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ዋስትና ሲፈቀድ ያልታወቀ አዲስ ነገር ከተገለጠ ጉዳዩ እንደገና ሊታይ እንደሚችል ይናገራል። እንደገና የሚያየው፣ ሰውየውም እንዲያዝ የሚያዘው ግን ፍርድ ቤቱ ነው። በሩን የከፈተው ዳኛ ከሆነ የሚዘጋውም ዳኛ ነው።

ሰዓቱንም ቁጠሩ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 ለጉዞ የሚያስፈልገውን ጊዜ ሳይጨምር 48 ሰዓት ይላል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ኮሚቴም እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው 35ኛ አጠቃላይ ትንታኔው ሰውን አጓጉዞ ዳኛ ፊት ለማቅረብ 48 ሰዓት በተለምዶ በቂ እንደሆነ፣ ከዚያ ማለፍ ፍጹም ልዩ ምክንያት እንደሚፈልግ ጽፏል።

ነገ መርማሪው የጊዜ ቀጠሮ፣ ማለትም ምርመራው እስኪያልቅ ታስሮ እንዲቆይ፣ መጠየቁ አይቀርም። «ምስክር እየፈለግን ነው» ካለ፣ በዘጠኙ ቀንና በአራቱ ወር ውስጥ ያልተፈለገው ምስክር ማን እንደሆነ ዳኛው እንዲጠይቁላችሁ አመልክቱ። ድምፃችሁን ከፍ አታድርጉ። ቅጂውን አቅርቡ፣ ጥያቄውን ጠይቁ፣ ዝም በሉ።

የቀድሞ መርማሪ

ረጅም ዘመን ምርመራ ላይ ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። እስካሁን የእኛ ወገን ስላልተሰማ ትንሽ ልበል።

ሰው ተለቀቀ ማለት ነፃ ነው ተባለ ማለት አይደለም። የሒሳብ ምርመራ ውጤት ዘግይቶ ይደርሳል። የአሻራ ምርመራ ወራት ይወስዳል። አብሮ የተያዘው ሰው ቃሉን ይለውጣል፣ የጠፋው ዕቃ ሌላ ሰው እጅ ይገኛል። እንዲህ ሲሆን ያንኑ ተጠርጣሪ መልሶ መጥራት ግዴታ ነው እንጂ ክፋት አይደለም። እንዲያውም ማስረጃ ሳይሟላ ክስ መሥርቶ ሰውን ዓመት ከማመላለስ፣ ለቅቆ ማስረጃ ሲገኝ መያዝ ይሻላል።

ግን ያየሁትንም አልደብቅም። የግል ተበዳዩ በየቀኑ እየመጣ አለቃ ሲጨቀጭቅ፣ «ያ ሰው ይምጣና ትንሽ ይቆይ፣ ይናገራል» የሚባልበት ጊዜ ነበር። መዝገቡ ተከፍቶ ቢታይ አንድም አዲስ ገጽ የለበትም። ይህን ለመለየት ትልቅ ሕግ አዋቂ መሆን አያሻም። የምስክሮችን ቃል ቀን ተመልከቱ። የመጨረሻው ቃል የተሰጠው ከመጀመሪያው መለቀቅ በፊት ከሆነ፣ ሁለተኛው እስር ባዶ መዝገብ ላይ የተሠራ ነው። ዳኞችም ይህን ሲያዩ ያውቁታል፤ ችግሩ ቀኑን እዩልን የሚላቸው ሰው ማጣታቸው ነው።

ነገሩ ግልጽ ነው

ታዲያ እኔስ ምን አልኩ? ማስረጃ ሲገኝ ይያዛል ነው ያልኩት።

የቀድሞ መርማሪ

አይደለም ወዳጄ። አንተ ያልከው ተመልሶ መያዙ ራሱ ማስረጃ ነው። እኔ በሥራዬ ላይ ከሁሉ በላይ የፈራሁት እንዲህ የሚያስብ መርማሪን ነው።

ባሕር ማዶ

እኔ የምኖረው እንግሊዝ ነው። ከላይ «ምን አዲስ ነገር ተገኘ?» የተባለው ጥያቄ እዚህ በጽሑፍ ሰፍሯል። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው የፖሊስና የወንጀል ማስረጃ ሕግ አንቀጽ 41 ክስ ሳይመሠረት ሰውን ማቆያ ጊዜ በመርሕ ደረጃ 24 ሰዓት ያደርገዋል። ለከባድ ወንጀል በከፍተኛ መኮንን ፈቃድ እስከ 36፣ በፍርድ ቤት ፈቃድ ደግሞ እስከ 96 ሰዓት ይራዘማል። ጊዜው አልቆ የተለቀቀ ሰው በዚያው ወንጀል ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ እንደገና አይያዝም፤ ከተለቀቀ በኋላ መያዙን የሚደግፍ አዲስ ማስረጃ ካልተገኘ በስተቀር። ቆየት ብሎ ደግሞ አንድ ነገር ተጨመረበት፤ ነባሩ ማስረጃ ቀድሞ ሊደረግ በማይችል ምርመራ ተመርምሮ ውጤት ከሰጠም ይያዛል። ስልኩ ተከፍቶ ገና አሁን ተነበበ እንደሚባለው ዓይነት መሆኑ ነው።

በነገራችን ላይ ይኸው አገር ሰውን መላልሶ ለማሰር ብሎ ሕግ ያወጣበት ጊዜም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1913 የሴቶች የመምረጥ መብት ታጋዮች እስር ቤት ውስጥ ምግብ አንበላም ሲሉ ፓርላማው አንድ ሕግ አጸደቀ። ሴቲቱ ስትዳከም ትለቀቃለች፣ ስታገግም ትያዛለች። ሕዝቡ «የድመትና የአይጥ ሕግ» ብሎ ጠራው። የታጋዮቹ መሪ ኤመሊን ፓንክኸርስት ሦስት ዓመት ተፈርዶባት በዚያ ሕግ ስትያዝና ስትለቀቅ ነው የከረመችው። ልዩነቱ እሷ የተፈረደባት ነበረች፤ የእህታችን ወንድም ግን ገና ተጠርጣሪ ነው።

የታሪክ አንባቢ

ባሕር ማዶ ካነሳኸው አይቀር፣ የከፋውንም ላስታውስ። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1963፣ ሰውን ያለ ክስ 90 ቀን ማሰር የሚፈቅድ ሕግ አወጣች። ዘጠና ቀን ሲሞላስ? ጋዜጠኛዋ ሩት ፈርስት በዘጠናኛው ቀን ተለቀቅሽ ተባለች፤ ከጣቢያው ደጃፍ ሳትርቅ መልሰው ያዟት። በድምሩ 117 ቀን ታሰረች። ሕጉ በወረቀት ላይ ገደብ ነበረው፤ ገደቡን የጣሱት በሩን አንዴ ከፍተው በመዝጋት ነው።

በቅርቡም አለ። ቱርካዊውን የመብት ተሟጋች ኦስማን ካቫላን እ.ኤ.አ. የካቲት 18 ቀን 2020 ፍርድ ቤት በነፃ አሰናበተው፤ በዚያው ዕለት በሌላ ክስ መልሰው ያዙት። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ግን ከሁለት ወር በፊት እስሩን ሕገ ወጥ ብሎ ይፈታ ብሎ ነበር። በግብፅ ደግሞ ይህ አሠራር ስም ወጥቶለታል፤ «ታድዊር» ይሉታል፣ ማሽከርከር ማለት ነው። እስረኛው እንዲለቀቅ ሲታዘዝ በተመሳሳይ ክስ አዲስ መዝገብ ውስጥ ስሙ ይገባል፤ ሰዓቱም ከዜሮ ይጀምራል።

ጠያቂ ተማሪ

የሕግ ተማሪ ነኝ፤ ይህች የመጨረሻዋ ነገር ናት ግራ የምታጋባኝ። የወንጀሉን ስም ቢለውጡትስ? መጀመሪያ «ስርቆት» ብለው ያዙት፣ ከዚያ «እምነት ማጉደል» ቢሉት አዲስ ጉዳይ ነው? በነፃ የተለቀቀስ ሰው ከዚያ በኋላ በምንም ዓይነት አይነካም ማለት ነው?

የሰነድ ሰው

ጥሩ ጠየቅህ። ስሙ ለውጥ አያመጣም መባል አለበት፤ መታየት ያለበት ድርጊቱ ነው። በዚያ ቀን፣ በዚያ መጋዘን፣ ያ ዕቃ ከሆነ፣ ስርቆት ብትለውም እምነት ማጉደል ብትለውም አንድ ነገር ነው። ሁሉም አገር ግን እንዲህ አያይም። አንዳንዱ ድርጊቱን ያያል፣ አንዳንዱ የወንጀሉን ሕጋዊ ፍሬ ነገሮች ቆጥሮ እያንዳንዱ በሌላው ውስጥ የሌለ ነገር ካለው ሁለት ወንጀል ነው ይላል። አሜሪካ በዚህ በሁለተኛው ወገን ናት። ከዚያም አልፎ የፌዴራሉ መንግሥትና ክፍለ ግዛቱ በአንድ ድርጊት እያንዳንዳቸው ሊከሱ ይችላሉ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ይህን አሠራር እንዲቀጥል ወስኗል። እኔ በግሌ አልወደድኩትም፤ ለሚታሰረው ሰው የከሳሹ ማኅተም መለያየት ምን ይፈይድለታል?

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚምታታው፣ መርማሪው ያው ቢሆንም ድርጊቱ አዲስ የሆነበት ነው። ሰውየው ከተለቀቀ በኋላ ምስክር ካስፈራራ ያ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ በዚያ መያዙ «መላልሶ ማሰር» አይባልም። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 ፖሊስ ለአንድ ክስተት የመጀመሪያውን የአቤቱታ መዝገብ ከከፈተ በኋላ ሁለተኛ መክፈት እንደማይችል ወስኗል። አዲስ ነገር ከተገኘ በነባሩ መዝገብ ላይ ይጨመር እንጂ አዲስ መዝገብ ተከፍቶ ሰውየው ከአንድ ጣቢያ ወደ ሌላ አይንከራተት ነው ነገሩ። የ«ታድዊር»ን በር የሚዘጋው እንዲህ ያለው ውሳኔ ነው።

በነፃ የተለቀቀን በተመለከተ፣ ባሕር ማዶ ያለበት አገር ጥብቁን ደንብ አላልቶታል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ሕግ ለከባድ ወንጀል «አዲስና አሳማኝ ማስረጃ» ሲገኝ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የነፃ ውሳኔውን ሰርዞ ዳግም ክርክር እንዲደረግ ያስችላል። እ.ኤ.አ. በ1989 በተፈጸመ ግድያ ተከስሶ በነፃ የተለቀቀ ሰው በኋላ በራሱ አንደበት ስላመነ፣ በ2006 በዚያው ግድያ ተፈርዶበታል። የሟች እናት ለዓመታት የታገለችለት ለውጥ ነው። እዚያ ላይ ስደርስ እኔም መርሑን አጥብቄ መያዝ ያቅተኛል።

ክስ ተቋርጦ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነው። ዐቃቤ ሕግ ክሱን ሲያነሳ ያ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም፤ በብዙ ቦታ ተመልሶ ሊያቀርበው ይችላል። ስለዚህ «ክሱ ተነስቷል» ሲባሉ እልል የሚሉ ሰዎች ወረቀቱን በደንብ ያንብቡ።

ሦስት ጊዜ

እኔ በአንድ ጉዳይ ሦስት ጊዜ ታስሬያለሁ። ስለ ሦስተኛው ብቻ ልጻፍ፤ ማንም የማያነሳው ስለሆነ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አልቀው፣ ጉዳዩ በፍርድ ቤት ተዘግቶ፣ ዓመት አልፎ ነበር። በመንገድ ላይ መታወቂያ ሲጠየቅ ስሜ ተፈልጎ «ትፈለጋለህ» ተባልኩ። ሌሊቱን እዚያው አደርኩ። ሲጣራ፣ ጉዳዩ ሳይዘጋ በፊት የወጣ የመያዣ ትዕዛዝ በአንድ ሌላ ጣቢያ መዝገብ ላይ ሳይሰረዝ ቀርቶ ነው። ማንም አልበደለኝም፣ ማንም አልጠላኝም፤ አንድ ሰው አንድ መስመር ሳይሰርዝ ቀረ። ጠዋት «ይቅርታ» እንኳ አልተባልኩም። «ሂድ» ነው የተባልኩት።

ከዚያ ወዲህ የመዝጊያውን ትዕዛዝ ማኅተም ያለበት ቅጂ በቦርሳዬ ይዤ ነው የምዞረው። ፍርድ ቤት ስትሄዱ «ተዘግቷል» የሚለውን ቃል ሰምታችሁ አትውጡ። የመያዣ ትዕዛዙ መሻሩ ተጽፎ፣ ትዕዛዙ ለደረሳቸው ጣቢያዎች ሁሉ እንዲተላለፍ አስደርጉ፤ የወጪውን ደብዳቤ ቁጥርም ያዙ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ ዛሬም ማለዳ በር ሲንኳኳ ጫማዬን ነው የምፈልገው። ቀጣሪዬ ከሁለተኛው እስር በኋላ «ንጹሕ መሆንህን እናውቃለን» ብሎ አሰናብቶኛል። ያንን የሚመልስ አንቀጽ እስካሁን አላገኘሁም።

ታናሽ እህት

አንብቤ አለቀስኩ። ለወንድሜም አዲሱ ሥራ እንዳይቀርበት ነው የፈራሁት።

አወያይ

«ነገሩ ግልጽ ነው» የተባሉት ተሳታፊ የጻፉት ሁለት ተጨማሪ መልስ ተነሥቷል። በተጠርጣሪው ላይ ፍርድ መስጠት እዚህ አይፈቀድም። ጠያቂዋም የችሎቱን ዝርዝር ስትጽፊ የሰው ስም እንዳታነሺ።

ታናሽ እህት

ዛሬ ከሰዓት በኋላ የምጽፈው ነው። ቀረበ።

መርማሪው 14 ቀን ጠየቀ። እኛም የዋስትና ትዕዛዙን ቅጂ ለዳኛዋ ሰጠን። ዳኛዋ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ እኛ ሳንጠይቅ በፊት «ከዚህ ትዕዛዝ በኋላ የተገኘ ምን ማስረጃ አለ?» አሉት። መርማሪው «ተጨማሪ የምስክር ቃል» አለ። ዳኛዋ መዝገቡን ተቀብለው ገለጡ፤ ቃሉ የተሰጠው ወንድሜ መጀመሪያ በታሰረ በአራተኛው ቀን ነው። የቀድሞ መርማሪ ያሉትን እያሰብኩ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። መርማሪው «ሌላም አለ፣ የሒሳብ ምርመራው አልደረሰም» አለ። ዳኛዋ «ሲደርስ ታመጣዋለህ፣ እሱም በዋሱ ይመጣል» ብለው በነበረበት ዋስትና ለቀቁት።

አላለቀም፤ የሒሳብ ምርመራው ሲመጣ ምን እንደሚል አናውቅም። አሁን እቤት ተኝቷል። የሰነድ ሰው፣ አንድ ነገር ብቻ፤ ስልኩን ይዘውታል፣ አልመለሱም። የዛሬው ትዕዛዝ ስለ ስልኩ ምንም አይልም።

የሰነድ ሰው

እንኳን ደስ አላችሁ። ለዛሬው ትዕዛዝም ማኅተም ያለበት ቅጂ ነገውኑ አውጡ፤ «ሦስት ጊዜ» የተባለው ወንድማችን ለምን እንደሆነ ነግሮሻል። ስልኩን ሲወስዱ የፈረሙበት የዕቃ መረካከቢያ አለ?

ታናሽ እህት

የለም። በቃል ነው የወሰዱት።

የሰነድ ሰው

እንግዲያው ለጣቢያው ኃላፊ በጽሑፍ አመልክቱ። የተወሰደበትን ቀንና ሰዓት፣ የስልኩን መለያ ቁጥር፣ በቦታው የነበሩትን ሰዎች ጻፉ። መለያ ቁጥሩ በገዛችሁበት ካርቶን ላይ ተጽፎ ይገኛል። በሁለት ቅጂ አዘጋጁት፣ አንዱ ላይ «ደርሶናል» የሚል ፊርማና ቀን ይዛችሁ ተመለሱ። እምቢ ካሉ ለዳኛዋ በዚያው መዝገብ ቁጥር አቤት በሉ።

ታናሽ እህት

ካርቶኑን አግኝቼዋለሁ፤ አልጋው ስር ነበር። ነገ በጠዋት እሄዳለሁ።